«ቅርጹ ከተለካ ይበቃል» ላለው ሰው

የጉለሌው፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «ከእንግዲህ በመርፌ ናሙና መውሰድ ምን ያደርጋል? ኮምፒውተር የዕጢውን ቅርጽ ከለካው ይበቃል» ብሎ ጻፈ። ላይኩ ጎረፈለት። ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች!

ሒሳበኛው፦ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ምኑ አናደደህ? እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት አንብብ። 1,019 የሳንባና የራስና አንገት ካንሰር ሕመምተኞች፣ ከሲቲ ስካን የወጡ 440 መለኪያዎች። ቅርጽ፣ ድምቀት፣ ሸካራነት። የማን ዕድሜ እንደሚያጥር ለመተንበይ ከነሱ አራቱን ነው የመረጡት።

ነርሷ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ቶሮንቶ ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ የአራቱን መለኪያ ቀመር ሲፈትሹትስ? የምስሉን ነጥቦች በውዘው በታተኗቸው። ትንበያው ንቅንቅ አላለም። ቀመሩ በአብዛኛው ሲያወራ የነበረው ስለ ዕጢው መጠን ነዋ! ትልቅ ዕጢ ከትንሹ እንደሚከፋ ለማወቅ 440 መለኪያ?

ሒሳበኛው፦ ከመጠን ጋር የማይሄድም አለ። ስፌሪሲቲን፣ የድቡልቡልነት መለኪያውን ውሰጂ። ፍጹም ድቡልቡል ዕጢ 1 ያገኛል፣ ጠርዙ ሲወጣጣ ቁጥሩ ይወርዳል። ትልቅ ሆነ ትንሽ ግድ የለውም።

የጉለሌው፦ «ይበቃል» ነው ያልከው። እሱን መልስ።

ነርሷ፦ ሙሲነስ የሚባለው የጡት ካንሰር ክብ፣ ጠርዙ ልስልስ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ራዲያል ስካር የሚባለው የጡት ለውጥ ደግሞ ካንሰር ሳይሆን እሾሃማ ይመስላል። በቅርጽ ለያቸው እስቲ።

ሒሳበኛው፦ ስታቲስቲክስ እኮ በአንድ ሰው አይፈርድም።

ነርሷ፦ አልጋው ላይ የተኛው ግን አንድ ሰው ነው፣ የኔ ወንድም።

ቦሌ ማዶ፦ ራዲዮሎጂስቶቹስ፣ ምስል አንባቢ ሐኪሞቹ፣ ቅርጽ አይደል የሚያነቡት? ማሞግራም (የጡት ራጅ) ላይ እሾሃማ ጠርዝ እንደሚያሠጋ ድሮም ያውቃሉ። እነሱ ሲሉት ጥበብ፣ ሒሳብ ሲለው ድፍረት!

የጉለሌው፦ አቶ ቦሌ ማዶ፣ ራዲዮሎጂስቱ አይቶ «ናሙና ይወሰድ» ይላል። «ይበቃል» አይልም።

ሒሳበኛው፦ አንዷን ቃል ይዛችሁ ልታድሩ ነው?

የጉለሌው፦ አዎ።

ዝምተኛው፦ መስመሩን ማን ነው የሚያሰምረው? የዕጢው ዳር የት እንደሚያልቅ መጀመሪያ ሰው ወይ ሶፍትዌር ይወስናል። ሁለት ሐኪሞች ያንኑ ዕጢ ቢያሰምሩ አንድ አይሆንም። ስካኑ የሚያነሳው እያንዳንዱ የምስል ቁራጭ ሲወፍር ደግሞ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ስፌሪሲቲህም አብሮ ይቀየራል።

ሒሳበኛው፦ ለዚህ እኮ ነው እ.ኤ.አ. በ2020 ለአሰላሉ ዓለም አቀፍ መስፈርት የወጣው።

ዝምተኛው፦ ለአሰላሉ። የኔ ጥያቄ መስመሩ ነው።

ቦሌ ማዶ፦ ፓቶሎጂስት፣ ናሙናውን የሚመረምር ሐኪም፣ በሌለበት ከተማ ያለችው እናትስ? ናሙናዋ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ትጠብቅ?

ነርሷ፦ ፓቶሎጂስት የሌለበት ከተማ ሲቲ ስካኑን ከየት አመጣህላት?

ቦሌ ማዶ፦ ሲቲ ያለበት ሁሉ ፓቶሎጂስት አለው እያልሽ ነው?

ነርሷ፦ የት ጋ አልኩ? ጥቀስልኝ።

ቦሌ ማዶ፦ ወደ ላይ ውጪና አንብቢ።