የቆሙ ሞተሮችን በየቤታችን ለማደስ፦ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ባሕር ዳር፣ አስተባባሪው

ጤና ይስጥልኝ። ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንቋጨው። መነሻው ይህ ነው። ጎጃም ውስጥ በየዕቃ ቤቱ የቆሙ የድሮ ሞተር ሳይክሎች አሉ። የጤና ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የአስተማሪው የነበሩ። እስካሁን የደረሱን ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ሲጂ 125 ናቸው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ቤት ተከራይተን፣ መሣሪያ አሟልተን፣ ተራ በተራ እያመጣን እናድሳቸው ብዬ ነበር። መዋጮው በየወሩ ይሁን። ቅር የሚለው ነገር ያለው ሳያፍር ይጻፍ።

ፍኖተ ሰላም፣ የዲቲዋ ባለቤት

እኔ ቤት ኪራዩ አልተዋጠልኝም። የአባቴ ዲቲ ከቆመች ዓመታት አለፉ። ክትባት ይዞ ገጠር የሚወርደው በእሷ ነበር፤ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ አስሮ። አሁን ፒስተኗ ተጣብቋል፣ መርገጫዋ አይወርድም። ጭኖ ባሕር ዳር ማድረስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ከዚያ በላይ ግን ሞተሯ ከግቢ ትውጣ ሲባል እናቴ በጄ አትልም። ሥራው እኛ ግቢ ቢሆን እሷም ታያለች፣ ታናናሾቼም እጃቸውን ያፍታታሉ።

ቡሬ

እውነቷን ነው። የምናዋጣውን ኪራይ ይበላዋል። መለዋወጫ መግዣ ሳናገኝ ዓመቱ ያልቃል። የእኛ አገር ገበሬ ማሳውን በወንፈል ያርሳል፤ ዛሬ እኔ ዘንድ፣ ነገ አንተ ዘንድ። እኛም እንዲሁ እናድርገው። መሣሪያው በአንድ ሣጥን ይሁንና ከቤት ቤት ይዙር። መንገዱ በተመቸ ጊዜ ሰውም ይዙር። ባይመች ደግሞ ቅርብ ያለው ይሥራ፣ ሌላው በስልክ ያማክር።

ባሕር ዳር፣ አስተባባሪው

ተቀብያለሁ። ኪራዩን ሰርዤዋለሁ። ገንዘቡ መሣሪያ መግዣ ብቻ ይሁን፤ መለዋወጫ በባለቤቱ። ጋሼ፣ እስቲ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደሚገባ እርስዎ ይንገሩን።

ደብረ ማርቆስ፣ መካኒኩ

ልጆች፣ በቤት መሆኑን ወድጄዋለሁ። ግን በቤት ማለት በዘፈቀደ ማለት አይደለም።

መጀመሪያ የሚገዛው በመዶሻ እየተመታ የሚዞር ካቻቢቴ ነው። የጃፓኖቹ ሞተሮች የጎን ክዳን የታሰረው በመስቀል ቪቴ ነው። ያ መስቀል ከተራው ካቻቢቴ ጫፍ ጋር በትክክል አይገጥምም። በተራው ስትታገል ጭንቅላቱ ይላጣል፣ ከዚያ መሰርሰር ይመጣል። ልኩን አስገብተህ አንዴ መታ ስታደርገው ይለቃል። ሁለተኛው ማግኔቱን የሚያወጣው መንቀያ ነው። የሞዴሉን ልክ መግዛት ነው፤ በብረት ፈልቅቆ ማውጣት ክራንኩን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ያበላሻል። ሦስተኛው ማይክሮሜትርና የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች። ቁልፍ፣ ፒንሳና መዶሻ ሁሉም ቤት አለ፤ ለእነሱ ገንዘብ አናባክን።

የተጣበቀውን ፒስተን በሚመለከት አደራ የምለው አለኝ። መርገጫው ላይ ቆሞ መዝለል አይፈቀድም። ካንዴላውን ንቀሉ። ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ በቀዳዳው ጨምሩና ክደኑት። ሲጎድል እየሞላችሁ በትዕግሥት ጠብቁ። ከዚያ በማግኔቱ በኩል ቁልፍ ይዛችሁ በትንሹ ወዲያና ወዲህ። እንቢ ካለ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) ፈትታችሁ ከላይ እዩት። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዝጎ ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዞ ይሆናል። በጉልበት ከመጣ ሲሊንደሩን ይዞት ይሄዳል።

ሲሊንደሩ ከተበላ ቶርኖ ቤት ይሰፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ሲያጣ አይቻለሁ። አስቀድሞ ያሰፋል፣ ከዚያ በዚያ ልክ ፒስተን ሲፈልግ ይከርማል። የዲቲ 125 ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ትላልቆቹ ፒስተኖች በ0.25 እየጨመሩ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ፒስተኑ ከነፋሻው እጃችን ሳይገባ ሲሊንደሩ ከቤት አይወጣም። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ።

ዲቲዋ ሁለት ምት ናት፤ ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታቃጥል። ክራንኩ በግራና በቀኝ የላስቲክ ሲል (ማሸጊያ) አለው። ለዓመታት የቆመ ላስቲክ ይደርቃል። ሲደርቅ አየር ያስገባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ኢንጂኑ ይግላል፣ አዲሱ ፒስተን ደግሞ ይጣበቃል። የሁለቱ ሲሎች ዋጋ ከፒስተኑ ጋር አይወዳደርም። ደህና ቢመስሉም ይቀየሩ።

ፍኖተ ሰላም፣ የዲቲዋ ባለቤት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እስካሁን በየሳምንቱ እየረገጥን እንሞክራት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። የቤንዚን ታንከሯ ውስጧ ዝጓል፤ ስትነቀነቅ ይንኮሻኮሻል። ሰው በጀርባው ቀዶ በብየዳ ይጽዳ አለኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ መካኒኩ

ኧረ በፍጹም! ቤንዚን የነበረበት ታንከር ባዶ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ትነቱ ውስጡ ይቀራል፣ ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። አቼቶ ሙሉበት። ለአንድ ሁለት ቀን ተዉት፣ ጥቂት ብሎኖች ጨምራችሁ እያንቀሳቀሳችሁ። ከዚያ ድፉት፣ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውሃ እጠቡት፤ ሶዳው አሲዱን ያበርደዋል። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። የደረቀ ዕለት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን አዙሩበት፤ የታጠበ ብረት እንደተራቆተ ካደረ ተመልሶ ይዝጋል።

ሌላው፣ ግቢ ውስጥ ስለምንሠራ ሳልናገር አላልፍም። ዕቃ በቤንዚን አይታጠብ። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ይሁን፣ ያውም ደጅ። ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት አጠገብ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) አይፈታም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል።

እንጅባራ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልከራከር። ለምን ይህን ሁሉ እንለፋለን? የቻይና 125 ኢንጂን ገበያ ላይ ሞልቷል። ቆርጠን ብንገጥመው በሳምንት ትነሣለች። ወጣቱ የሚፈልገው የምትሄድ ሞተር ነው። ሌላ ደግሞ፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያደስናቸውን ይዘን ብንወጣ አባል እናገኛለን።

ቡሬ

በዓሉ የፈረሶቹ ነው ወንድሜ፤ ለእነሱ እንተውላቸው። ፈረስ ባለበት ሞተር ማስነሣትም ጥሩ አይደለም፤ ይደነግጣል።

ስለ ኢንጂኑ ደግሞ፦ የእኔ ሲጂ 125 በዱላ ቫልቩን የሚገፋ ቀላል ኢንጂን ነው። ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥገና በማይገኝበት አገር እንዲሠራ አስቦ ነው። ቻይናዎቹ የቀዱት እሱን ነው። ስለዚህ ለእኔ ፒስተኑም ፋሻውም ጓርኒሲዮኑም (በክዳኖቹ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ቡሬ ላይ አለ፤ ሙሉ ኢንጂን መቀየር ምን ያደርግልኛል? ለዲቲዋ ደግሞ አይገጥምም። ፍሬሟ ተቆርጦ መበየድ አለበት። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

ባሕር ዳር፣ አስተባባሪው

ሊብሬውንም አትርሱ። የኢንጂንና የሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ኢንጂን ተቀይሮ ቁጥሩ ካልተዛመደ ቦሎ ለማደስ ስንሄድ ጣጣ ይመጣል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ ሊብሬውን ያሳይ፤ በውርስ የመጣም ከሆነ ስሙን አስቀድሞ ያዙር። ታድሳ መንገድ መውጣት የማትችል ሞተር ለማንም አትጠቅምም።

እንጅባራ

ስለ ፍሬሙ አላሰብኩትም ነበር፤ አሳምናችሁኛል። ኢንጂኑ ተሰንጥቆ ከሆነስ?

ደብረ ማርቆስ፣ መካኒኩ

የተሰነጠቀ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ተሰብስበን አይተን እንወስናለን። እንጂ ከመነሻው መቀየርን አማራጭ አድርገን አንጻፍ። ከጻፍነው ሁሉም ወደ ቀላሉ ይሄዳል።

ደጀን

ከእኛ ዘንድ የሚነሣው የቁልቁለቱ ነገር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅታ አለ። ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ጋዝ ዘግተህ በማርሽ እየያዝክ ስትወርድ ኢንጂኑ በፍጥነት ይዞራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። እንዲያ የተቃጠሉ አውቃለሁ። የዲቲ ዘይት በራሱ ፓምፕ ስለሚመጣ ይሻላል፤ ፓምፑም ቢሆን ለዓመታት ቆሞ አይታመንም። እስኪፈተሽ ድረስ ታንከሩ ውስጥም ዘይት ቢቀላቀል።

ፍሬኑም እንደዚያው። የድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይኖራል፣ ለሳንባ ጠንቅ ነው። አቧራውን በአፍ ወይም በአየር መንፋት ይቅር። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ በላስቲክ ታስሮ ይጣል። ጎማም ሲፈተሽ ጥርሱ ብቻ አይታይ። ጎኑ ላይ የተመረተበት ቁጥር አለ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ አራት አሃዝ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። ሦስት አሃዝ ብቻ ካየህ ጎማው ካለፈው ምዕተ ዓመት ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ለዓባይ ቁልቁለት አይሆንም።

ደብረ ማርቆስ፣ መካኒኩ

ከፍታውን ማንሣትህ ደግ ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። ለዚህ ነው ማርቆስ ላይ ካንዴላ ቶሎ የሚጠቁረው። ትልቁን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ደረጃ ማሳነስ ይረዳል። ሆኖም ሞተሯ ዓባይ በረሃ የምትወርድ ከሆነ አብዝታችሁ አታሳንሱት። ታች አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ሽቅቡን ስትወጣ ትግላለች። ጉልበቷ ደጋ ላይ ቢቀንስ ከፍታው ነው፤ ኢንጂኑን አትፍረዱበት።

ባሕር ዳር፣ አስተባባሪው

የቀረን የመጀመሪያዋ ሞተር ማን ትሁን የሚለው ነው። የቡሬዋ ሲጂ ወይስ የፍኖተ ሰላሟ ዲቲ?

ቡሬ

የእኔዋ ትቀላለች፤ መለዋወጫዋም ቅርብ ነው። ቢሆንም ዲቲዋ ትቅደም። የሲጂ ዕቃ ከዓመት በኋላም ይገኛል። የዲቲው ከሱቅ እየጠፋ ነው። በዚያ ላይ የቆመ ክራንክ በየክረምቱ ይብሳል።

ፍኖተ ሰላም፣ የዲቲዋ ባለቤት

ምን እላለሁ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። አንድ ልመና አለኝ። ታንከሯ በሁለቱም ጎን፣ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቀለሙ ለቅቆ ብረቱ ይታያል። በቀኙ በኩል ይሰፋል፤ አባቴ ቀኝ እግሩን ያመው ስለነበር ወደዚያ ይጫን ነበር። እናቴ ስታልፍ እጇን የምታሳርፈው እዚያ ነው። ሌላው ሁሉ ይቀባ፣ ስቱኮም ይመታ። እሱ እንዳለ ይቅርልኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ መካኒኩ

ይቀራል። ዝገቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በእርጥቡ ይነሣና ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ይደረብበታል። ቤንዚን የሚችለውን እንመርጣለን፣ ከአፉ የሚፈሰው እንዳያነሣው። ሌላውም ቀለም ቢሆን የእርሻውን ያህል ወቅት አለው። በክረምት እርጥበት የተቀባ ቀለም ይነጣል፣ ይላቀቃል። ክረምቱን ጣራ ሥር እንፍታ፣ እንጠብ፣ እንለካ። ቀለሙ ከኅዳር ወዲያ።

ባሕር ዳር፣ አስተባባሪው

እንግዲህ የተስማማንበት ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ማኅበሩ የቆሙ የድሮ ሞተር ሳይክሎችን በባለቤቶቻቸው ቤት፣ በወንፈል ያድሳል። መዋጮው የሚውለው ከቤት ቤት ለሚዞረው የመሣሪያ ሣጥን ነው፤ መለዋወጫ ባለቤቱ ይሸፍናል። ሊብሬው ሳይታይ ሥራ አይጀመርም። ኢንጂን አይቀየርም፣ ፍሬም አይቆረጥም፤ ኢንጂኑ የተሰነጠቀ እንደሆነ አባላት አይተው ይወስናሉ። ሲፈታ እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ ይነሣል፤ ብሎኑ በየከረጢቱ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጣል። ፒስተኑ ሳይገዛ ሲሊንደር አይሰፋም። ታንከር አይበየድም፣ እሳት ባለበት ነዳጅ አይነካም። የመጀመሪያዋ የፍኖተ ሰላሟ ዲቲ 125 ትሆናለች፤ ቀጥሎ የቡሬዋ ሲጂ 125።»

የመዋጮውን ልክ ጉባኤው ይወስን።

ደጀን

ፍሬንና ጎማ ሳይፈተሽ መንገድ አይወጣም የሚለውን ጨምርበት።

ባሕር ዳር፣ አስተባባሪው

ጨምሬዋለሁ።

እንጅባራ

ፎቶውንና ጽሑፉን እኔ ልያዝ። ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ አለኝ።

ቡሬ

ሣጥኑን እኔ ከላሜራ አሠራለሁ፣ ቁልፍ ያለው። እህታችን፣ እስከዚያ ናፍጣውን በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ክደኑት።