ልጣጩን ለየሁ፣ የሚወስደው አጣሁ

ኮምቦልቻ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። በየቀኑ ሁለት ጆንያ ሙሉ የማንጎና የአቮካዶ ልጣጭ ይወጣል። በዚህ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ዝንቡ ከደንበኛው ይበልጣል!

ደቡብ ኮሪያ የምግብ ትራፊ መሬት ውስጥ እንዳይቀበር በፈረንጆቹ 2005 ከልክላለች። የእኛም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ የሚጠቅመውን ለዩ ይል ነበር። እሺ፣ ለየሁ። ከዚያስ? ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ከፌስታሉ ጋር መልሰው ይደባልቁታል።

ጓሮዬ ጉድጓድ ቆፍሬ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ሞከርኩ። ውሃ ቋጥሮ ገማ፣ ጎረቤቴ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ደረቅ ነገር ጨምሪበት አሉኝ፤ የጤፍ ገለባ ይሆናል? ስንት እጅ? የአቮካዶው ፍሬስ ይበሰብሳል ወይስ ለብቻው ይውጣ? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ለእርሻው የሚፈልግ ካለ ደግሞ በነፃ ይውሰድልኝ፤ ማዳበሪያውም የእሱ ነው።