ማርኬት ሜከሮች ለገበያው ምን ይጠቅማሉ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ማርኬት ሜከር የሚባሉት ድርጅቶች የአንድን አክሲዮን መግዣና መሸጫ ዋጋ በአንድ ጊዜ እንደሚያቀርቡና ከሁለቱ ልዩነት እንደሚያተርፉ ተረድቻለሁ። ያልገባኝ ነገር ገዥና ሻጭ በቀጥታ መገናኘት እየቻሉ በመካከላቸው ቆሞ የሚያተርፍ አካል ለምን እንዳስፈለገ ነው። ትርፉስ ከእኛ ኪስ የሚወጣ አይደለም?

መልስ 1

ገዥና ሻጭ በአንድ ቅጽበት፣ በእኩል ብዛት ይገናኛሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እርስዎ ጠዋት 500 አክሲዮን መሸጥ ቢፈልጉና ገዥው ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ቢሆን፣ ያንን ክፍተት በራሱ ገንዘብ የሚሸፍነው ማርኬት ሜከሩ ነው። በ100 ገዝቶ በ100.10 ለመሸጥ ቢያስብም፣ ገዥው እስኪመጣ ዋጋው ወደ 98 ቢወርድ ኪሳራው የእሱ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ስለ ኩባንያው የተሻለ መረጃ ካለው ሰው ጋር ሲገበያይ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚሸጥለት ዋጋው ሊወርድ ሲል ስለሆነ፣ በእሱ የሚያጣውን ከሌሎቻችን ለማካካስ ልዩነቱን ያሰፋዋል። ስለዚህ ትርፉ ከእኛ ኪስ መውጣቱ እውነት ነው፤ የምንከፍለው ግን ገዥ ሳንጠብቅ ለመሸጥ በመቻላችን ነው።

መልስ 2

በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ገበያው በተረጋጋበት ቀን ጠባብ ልዩነት ማቅረብ ከባድ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ሁሉም ለመሸጥ በሚሯሯጥበት ሰዓት ማን ይቀራል የሚለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 6 ቀን 2010 በአሜሪካ ገበያ ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያሽቆለቁል ብዙ ዋጋ አቅራቢዎች ከገበያው ወጡ። ያን ጊዜ ሁልጊዜ ዋጋ የማቅረብ ግዴታን ለስሙ ለመወጣት የተቀመጡ፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ የራቁና ማንም ይገበያይባቸዋል ተብለው ያልታሰቡ የይስሙላ ዋጋዎች እውነተኛ ግብይት ሆኑ፤ 40 ዶላር ገደማ የነበረው የአክሴንቸር አክሲዮን በ1 ሳንቲም ተሸጠ። እንዲህ ያሉት ግብይቶች ተሰረዙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የይስሙላ ዋጋ ማቅረብ ተከለከለ። በእኔ እምነት ማርኬት ሜከር የክፍያ ቅናሽና ሌላ ጥቅም ሊሰጠው የሚገባው፣ የልዩነቱን ጣሪያና የሚያቀርበውን ዝቅተኛ ብዛት በክፉ ቀንም አክብሮ ለመቆየት ሲገደድ ብቻ ነው።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ ልዩነቱን ብቻ ሳይሆን በየዋጋው የቀረበውንም ብዛት መመልከት ይኖርብኛል ማለት ነው?

መልስ 2

አዎ፣ በተለይ ግብይት በማይበዛባቸው አክሲዮኖች ላይ። ሲሸጡም በተገኘው ዋጋ ይሸጥልኝ ከማለት ይልቅ ዝቅተኛውን ዋጋ ወስነው ይዘዙ።