ክርክር፦ የካዚኖ ዱቤ ያልከፈለ ሰው ይታሰር?

የፒያሳው፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማኪያቶ ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ተበታተንን፤ እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ የአንድ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ላስ ቬጋስ ነው የሚኖረው። አንድ ካዚኖ ገብቶ 20 ሺህ ዶላር በዱቤ ወሰደ፣ ተጫወተ፣ ተበላ። አልከፈለም። አሁን ደብዳቤ የመጣለት ግን ከካዚኖው አይደለም፤ ከዐቃቤ ሕግ ነው። «ካልከፈልክ በወንጀል ትከሰሳለህ» ይላል። እኔ የምለው፣ ዕዳ ዕዳ ነው። ከስሰው ንብረቱን ይሽጡበት። እስር ቤት ምን ይሠራል?

ባንከሯ፦
ፈርሟል አይደል? ታዲያ ምን ያከራክራል! ዕዳ ከሜዳ አልመጣበትም፣ ወዶ የገባበት ነው። እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሚመለስ ቼክ አያለሁ። ቼኩን ይዞ የመጣው ሰው «ገንዘብ የለውም» ሲባል ፊቱ የሚሆነውን ብታዩ እንዲህ አትከራከሩም። እዚህ ደረቅ ቼክ የጻፈ ይከሰሳል። ቁማርተኛ ሲሆን ለምን ይማራል?

የቬጋሱ፦
እኔ እዚሁ ታክሲ ስለምነዳ ታሪኩን በየቀኑ ነው የምሰማው። ወረቀቱን «ማርከር» ይሉታል። የብድር ውል አይመስልም፣ ቼክ ነው የሚመስለው። የባንክህ ስምና የሒሳብ ቁጥርህ ይሰፍርበታል፣ ትፈርማለህ፣ ቺፕስህን (በገንዘብ ምትክ የሚጫወቱበትን) ትቀበላለህ። ወለድ የለውም። ብዙ ጊዜ 30 ቀን አካባቢ ይጠብቁሃል። ካልከፈልክ ወረቀቱን ለባንክህ ይልኩታል። ባዶ ሆኖ ከተመለሰ የኔቫዳ ሕግ እንደ ደረቅ ቼክ ያየዋል። ማስታወቂያ ደርሶህ በ5 ቀን ካልከፈልክ ለማታለል አስበሃል ተብሎ ይገመታል። ከ1200 ዶላር ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሳስራል።

የሚገርመው ደግሞ፣ እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ድረስ ካዚኖ የቁማር ዕዳ ብሎ ፍርድ ቤት ከስሶ ማስከፈል አይችልም ነበር። በእንግሊዟ ንግሥት አን ዘመን፣ በ1710፣ የወጣ ሕግ ነበር የያዛቸው። በ1983 የግዛቱ ምክር ቤት ቀየረላቸው።

ባንከሯ፦
እንግዲህ ቼክ ነው። አለቀ።

ጠበቃው፦
አላለቀም እህቴ። ቼክ መጻፍ ማለት «ባንክ ውስጥ ገንዘብ አለኝ» ብሎ መናገር ነው። ሳይኖረው አለኝ ያለ ሰው ዋሽቷል፤ እስማማለሁ። ተቀባዩ ገንዘቡ ዛሬ እንደሌለ እያወቀ ከተቀበለስ? ማን ተታለለ? ካዚኖው ዱቤ ከመስጠቱ በፊት የባንክ ሒሳብህን ያጣራል፣ ሌላ ካዚኖ ያለብህንም ዕዳ ይጠይቃል። 30 ቀን የሚጠብቀው ለጽድቅ መሰለሽ? ዱቤ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሳይከፈል ሲቀር ግን «ቼክ ነበር» ይላል።

እኛም አገር ያለ በሽታ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚያወጣ ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያገኘው ይችላል። የታሰበው ለአታላይ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ የማገኛቸው ተከሳሾች ግን ብረት ወይም ሲሚንቶ በዱቤ ሲወስዱ «ለዋስትና አንድ ቼክ ጻፍልኝ» የተባሉም ናቸው። ቀኑ ባዶ። ሻጩም ብሩ እንደሌለ ያውቃል። ቼኩን የሚፈልገው ለባንክ አይደለም፣ ለፖሊስ ነው።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ ማንም አይታሰር ይላል። የኔቫዳ ሕገ መንግሥት ራሱ ከማታለልና ከስም ማጥፋት በቀር በዕዳ መታሰርን ይከለክላል። ማርከር ላይ ቼክ የሚል ስም የተለጠፈው እንግዲህ ለምን እንደሆነ ገባችሁ።

ጋሼ፦
ልጆች፣ ድሮ ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ባለዕዳው ካልከፈለ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰራል። ሲበሉም አብረው፣ ሲተኙም አብረው። ለአበዳሪውም ቅጣት ነበረ እኮ! የካዚኖው ሥራ አስኪያጅ ከልጁ ጋር ይቆራኝ ካላችሁ እኔ በመታሰሩ እስማማለሁ።

የፒያሳው፦
ጋሼ ገደሉን 😂

ቤቲንግ ቤት፦
እኔ የምሠራበት ዱቤ የለም። ብር ሳይገባ ትኬት አይወጣም። ግን ልጁ ሲበላ በር ላይ ስልኩን አስይዞ ተበድሮ ይመለሳል። አንዱ የታክሲ ረዳት የታክሲውን ባለቤት የቀን ገቢ ይዞ መጥቶ ማታ ባዶ እጁን ወጣ። እሱ የሰው ብር ነው የበላው፣ ይከሰስ። ቤቱ ራሱ «እንካ ተጫወት» ብሎ የሰጠው ሰው ግን ምን ሰረቀ?

ባንከሯ፦
እሺ፣ የዋስትና ቼክ ላይ ጠበቃው አሸነፈኝ። እኛም ቅርንጫፍ ስናየው ያስታውቃል። ግን ይሄን መልሱልኝ፦ በአንድ ሌሊት ሦስት ካዚኖ ዞሮ ማርከር ፈርሞ፣ ቺፕሱን ቀይሮ፣ ብሩን በኪሱ ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈረውስ? እሱም ምስኪን ነው?

የቬጋሱ፦
እሱማ ሌባ ነው፣ እንዲህ ዓይነትም አለ። ግን ሌላውንም እይ። ቴራንስ ዋታናቤ የሚባል የኦማሃ ነጋዴ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ብቻ ቬጋስ ውስጥ ወደ 127 ሚሊዮን ዶላር ተበላ። አብዛኛውን ከፍሏል! በ2009 የተከሰሰው በቀረው 14.7 ሚሊዮን ማርከር ነው። እሱ ደግሞ «እያሰከሩ አጫወቱኝ» ብሎ ተከራከረ፤ ካዚኖው ግን አስተባበለ። በ2010 ተስማሙና የወንጀል ክሱ ተነሣ። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የሚጠፋ ወንጀል ምን ዓይነት ወንጀል ነው?

ደግሞ የዚህ አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ማርከር ሲያስከፍል 10 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ ለቢሮው ያስገባል። ባለዕዳው ላይ ነው የሚደመረው።

ጠበቃው፦
ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! መንግሥት ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ኮሚሽን ሲበላ።

ባንከሯ፦
ባንክም ያስከፍላል እኮ 😏

ጠበቃው፦
ባንክ ካቴና የለውም።

ለማንኛውም ፒያሳ፣ ልጁ ለደብዳቤው ብቻውን እንዳይመልስ። እዚያው ጠበቃ ያናግር። አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ዱቤ ሲያመለክት ፎርሙ ላይ ስለ ገንዘቡ ምን ብሎ ሞላ? የሌለውን አለኝ ብሎ ከሆነ እኔም ከባንከሯ ጋር ነኝ።

የፒያሳው፦
አሁን ደወልኩለት። «ፎርሙን በደንብ አላስታውሰውም» አለኝ።

ባንከሯ፦
እንዲያ በለኝ።