ሰፊ ጥለት ያለው ፈትል ሳይሰፋ ይታጠባል ወይስ አይታጠብም?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሌሎቹ የሐበሻ ልብስ ጨርቆች፣ ሳባውም መነኑም ለወዳጁ ይሁን፤ እኔ ፈትል ሆኖ ጥለቱ ሰፊ፣ ቀይና አረንጓዴ የበዛበት ካልሆነ ዓይኔ አይሞላም። አሁን ለቀሚስ ሦስት ቁራጭ ይዣለሁ፤ የእያንዳንዱ ወርድ 85 ሳ.ሜ፣ ቁመት 1 ሜትር ከ50፣ ጥለቱ ከታች 25 ሳ.ሜ ነው። አንዱ ልብስ ሰፊ «መጀመሪያ እጠቢው» ሲል ሌላው «ጥለቱ ይለቃል፣ ውሃ እንዳታስነኪው» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ አብሽሪ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ስሚ። የእጅ ፈትል ላላ ብሎ ስለሚሸመን በመጀመሪያው እጥበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሰበሰባል። ከ150 ሳ.ሜ ቁመትሽ እስከ 15 ሳ.ሜ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ የነጩ ማግ (በአግድም የሚሸመነው ክር) ጥጥ ነው፣ የጥለቱ ክር ብዙ ጊዜ ሠራሽ ነው። ነጩ በወርዱ ሲሰበሰብ ጥለቱ ባለበት ይቀራል፤ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ጫፉ የሚሸበሸበው ለዚህ ነው። ለማወቅ ከጥለቱ ጀርባ ትንሽ ክር መዘሽ አቃጥዪ። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደነደነ ሠራሽ ነው፤ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመዱ ከበነነ ጥጥ ነው።

መልስ (ሐይቅ)፦ ቀለሙ እንዳይለቅ ሌሊቱን በጨው ውሃ ዘፍዝፊው።

መልስ (ወልድያ)፦ ኧረ ተዪ እቴ! ጨው የሚጠቅመው ክር ሲነከር ነው፤ ተነክሮ ያለቀን ቀለም አያስርም። መዘፍዘፍ ደግሞ ዋናው ጥፋት ነው፤ የለቀቀው ቀለም እዚያው ቆሞ ነጩ ይጠጣዋል። ይልቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ቀዩ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ፈግፍጊበትና እዪው።

ጠያቂ፦ ፈገፈግሁት፤ ጨርቁ ሮዝ ሆነ። አረንጓዴው ንጹሕ ነው።

መልስ (ወልድያ)፦ እንግዲያው አንድ አንዱን ለየብቻ እጠቢ። ትልቅ ሳፋ፣ ቢያንስ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና ቀድሞ የሟሟበት። በረኪና አይታሰብም። ሳትፈትጊ እያንቀሳቀስሽ ከ5 ደቂቃ አታሳልፊ፤ ወዲያው ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመሽ አለቅልቂ። አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው። ስትሰቅዪ ጥለቱ ወደ ታች ይሁን፣ ቀለም ካንጠባጠበ ነጩን ሳይነካ መሬት ይወርዳል። እርጥቡን አጥፎ ማስቀመጥ ግን ቀዩን በቀጥታ ነጩ ላይ ማተም ነው። ጥላ ይሁን፤ በደሴ ክረምት በአንድ ቀን ካልደረቀ ቤት ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ይሰቀል።

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ ደሴ)፦ ከደረቀ በኋላ እንደገና ለኩ። በእጅ የተሸመነ ጥለት ከቁራጭ ቁራጭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ ስለዚህ ሦስቱን ከትከሻ ሳይሆን ከጥለቱ ጀምራችሁ ወደ ላይ አስተካክሉ፣ ልዩነቱ ላይ ተቆርጦ ይጠፋል። ጥለቱ የሚጋጠምበትን በስፒል ሳይሆን በእጅ መርፌ ጠልፋችሁ ያዙት፣ ማሽን ሥር አንዱ ይንሸራተታል። ጠርዙን ከመግጠማችሁ በፊት ኦቨርሎክ (እንዳይተረተር ጠርዝ የሚጠቀልል ስፌት) አድርጉት፤ ፈትል ወዲያው ይተረተራል። ለስፌት 1.5 ሳ.ሜ ተዉ፤ ከዚያ ካነሰ ስፌቱ ይዞ ይወጣል።

ጠያቂ፦ የእጅጌውስ? ከሦስቱ ይወጣል?

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ ደሴ)፦ አይወጣም። ጥለት የሌለው 1 ሜትር ከ20 ጨምሪ፣ ያንንም ሳይሰፋ ለብቻው እጠቢ። ጥለቱ ውስጥ ሙካሽ (የሚያብለጨልጭ ክር) ካለ ካውያው ከጀርባ ይሁን፣ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ በጋለ ካውያ ይኮማተራል።