የሚክሰሩ ነገር፦ ለጋራ ፕሮፖዛሉ የዕቃ ምርጫ

ሰብሳቢ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ አባላት ለኢንተርኔት ሬዲዮው ዕቃ በአንድ ፕሮፖዛል እንጠይቅ ብለናል። የማይክና የላፕቶፕ ምርጫ አልቋል። የቀረው ሚክሰር፣ ማለትም ድምፅ ማቀላቀያው ነው። በቦርሳ የሚያዝ ይሁን። ዓይነ ስውር አቅራቢ ያለ ረዳት ይሥራበት። ሐሳብ አምጡ።

አቅራቢ፣ ደብረ ማርቆስ፦ እኔ ሮድካስተር ፕሮ ቢገዛ ደስ ይለኛል። ስመ ጥር ነው፤ የለጋሽም ዓይን ይሞላል።

ቴክኒክ፣ ባሕር ዳር፦ የለጋሹን ዓይን ይሙላ፣ የእኛን ጣት ግን አይሞላም። ፌደሮቹ፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ተንሸራታቾች፣ በእጅ ይያዛሉ፣ እሱስ ጥሩ። ብዙው ቅንብር ግን ተች ስክሪን ላይ ነው። ለስላሳ መስታወት ላይ ምን ይዳሰሳል?

እኔ ያማሃ ኤጂ03ን አስቀድማለሁ። ማይኩ በተንሸራታች ፌደር ይስተካከላል፣ የቀረው በሚዞር ቁልፍ ነው። ኃይል ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ይወስዳል። ማይክ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? ዓይናማ መብራት ያያል። እኛ ፌደሩን እንዳስሳለን፤ ታች ከሆነ ዝግ ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ እሱ ስንት ማይክ ይቀበላል?

ቴክኒክ፣ ባሕር ዳር፦ በኤክስኤልአር፣ በዋናው የማይክ መሰኪያ፣ አንድ ብቻ፣ መሪጌታ።

መሪጌታ፦ እንግዲያ የቅኔው ዝግጅት ቀረ በሉኛ! ዘራፊውና ተቀባዩ በአንድ ማይክ ሊሻሙ ነው?

አቅራቢ፣ ደብረ ማርቆስ፦ መሪጌታ እውነታቸውን ነው። ዙም ፖድትራክ ፒ4 አራት የማይክ መግቢያ አለው። ስልክና ኮምፒዩተር ሲገቡ ሁለቱን መስመር ይወስዳሉ፣ ሁለቱ ይቀራሉ። በስልክ የገባ እንግዳ የራሱ ድምፅ ተመልሶ እንዳይረብሸው ማሽኑ ራሱ ይለይለታል። መብራት ቢጠፋ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ኔትወርክ ቢቋረጥም ሚሞሪ ካርድ ላይ መቅዳት ይቻላል። ይሄ ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ቴክኒክ፣ ባሕር ዳር፦ እስማማለሁ። ግን ሜኑው ትንሽ ስክሪን ላይ ነው፤ ጮክ ብሎ አያነብም። የማይክ መዝጊያውም በመብራት ነው የሚነግርህ።

ደግሞ ከሚክሰሩ በፊት አንድ ነገር ይወሰን። የኤንቪዲኤ፣ ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ ድምፁ በየት በኩል ይወጣል? ያማሃው ላይ ሉፕባክ ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ወደ ሚክሰሩ የላከው ሁሉ አየር ላይ ይወጣል። አድማጭ ዜና እየሰማ ድንገት «ባትሪ 20 በመቶ» ሊሰማ ነው። መፍትሔው ኤንቪዲኤን ወደ ላፕቶፑ የራሱ ሳውንድ ካርድ ማዞር፣ ሙዚቃውን ብቻ ወደ ሚክሰሩ መላክ ነው። በአንድ ጆሮ የላፕቶፑን፣ በሌላው የሚክሰሩን እንሰማለን። ስለዚህ ሥልጠናው ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ። አለዚያ የትኛውም ሚክሰር ያሳፍረናል።

ሒሳብ ያዥ፦ ዋጋ ከፕሮፎርማ በፊት አትጻፉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን የዛሬ ዋጋ ለከርሞ አይሆንም። ኢንተርኔቱስ ስንት ይበላል?

ቴክኒክ፣ ባሕር ዳር፦ ለንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃል። በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እሱስ ይቻላል። ግን «ወይም ተመጣጣኝ» የምትለዋን ሐረግ ተጠንቀቁ። ነጋዴው በእሷ በኩል ተች ስክሪን ያስገባልናል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «ለቀጥታ ስርጭት ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ኤጂ03፤ ለውይይት፣ ለቅኔና ለውጭ ቀረጻ በጋራ አንድ ፒ4። በምትኩ የሚቀርብ ዕቃ ማይክ መክፈቻና መዝጊያው፣ የድምፅ መጠኑም በእጅ ዳሰሳ መታወቅ አለበት። ከክፍያ በፊት ከየከተማው አንድ ዓይነ ስውር አባል ብቻውን ማይክ ከፍቶ፣ እንግዳ በስልክ አስገብቶ፣ ዘግቶ ያሳያል። ካልቻለ ዕቃው ይመለሳል።»

መሪጌታ፦ እኔ እስማማለሁ። ፒ4 ግን መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ይምጣ።

ቴክኒክ፣ ባሕር ዳር፦ በተራ ነው መሪጌታ! ሰብሳቢ፣ ቁልፎቹን በጣት የምንለይበት ተለጣፊ ምልክትና ትርፍ የዩኤስቢ ገመድም ይጨመር።

ሰብሳቢ፦ ተጨምሯል። ሒሳብ ያዥ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብስቡልን። የፒ4 ተራ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።