በበጎ ፈቃድ ስናስተረጉም የባለሙያውን ቃል ማለስለስ ተገቢ ነው?

የኮሶበር ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእንጅባራ ተወላጅ ስሆን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆቻቸውን ይዘው ከአዊ ዞን ለሕክምናና ለተሃድሶ ወደ ከተማችን ለሚመጡ፣ አማርኛ በቅጡ ለማይሰሙ ቤተሰቦች በአገውኛ በበጎ ፈቃድ አስተረጉማለሁ። ሥራው የሚጀምረው ከምርመራ ክፍሉ ደጅ ገና ነው፤ ካርድ ማውጣቱ፣ የሪፈር ወረቀቱ፣ የጤና መድኅን ደብተሩ፣ የቀጠሮው ቀን ሁሉም በአማርኛ ነው።

የምጠይቃችሁ ግን ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ባለሙያዋ ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለበት፣ ይህም በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ መሆኑን፣ ጉዳቱን የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሌለ፣ ያለ ድጋፍ የመራመድ ዕድሉም ጠባብ እንደሆነ፣ ሆኖም ጡንቻዎቹ እንዳይሸማቀቁ በየቀኑ እንቅስቃሴ ቢሠራለትና ተደግፎ መቀመጥን ቢለማመድ ኑሮው ብዙ እንደሚቀልለት በትዕግሥት አስረዳቻት። እኔ የእናቲቱን ፊት ሳይ አንጀቴ አልችል አለና፣ «ከጊዜ ጋር ይሻለዋል፤ እንቅስቃሴም አሠሪው» ብዬ አሳጠርኩት። በሁለተኛው ወር ስትመለስ የልጁ ጉልበቶች ከበፊቱ ይበልጥ ገትረው ነበር። «ይሻለዋል ስላልሽኝ እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ።

እናንተ ከባድ ዜና ስታስተረጉሙ ምን ታደርጋላችሁ? ቤተሰቡ ባለሙያውን ትቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲላችሁስ?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦

እህቴ፣ ጥፋቱን ለብቻዎ አይሸከሙት። እኛ ባለሙያዎች አምስት ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ እንናገርና አስተርጓሚው ሁሉንም እንዲይዝልን እንጠብቃለን። ሲረዝምብዎ እጅዎን አንሥተው ያስቁሙን፤ ማንም ሊቀየምዎ አይገባም።

ከሥራዬ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በቆልማማ እግር የተወለደ ሕፃን በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረለት፣ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከታሰረለት በኋላ እግሩ ይቃናል። ከዚያ በኋላ ግን በብረት የተያያዘውን ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሌሊት ሌሊት ማድረግ አለበት። እግሩ ቀጥ ብሎ ያየ ወላጅ «ድኗል» ብሎ ጫማውን ያወልቃል፤ እግሩም ይመለሳል። ይህ የሚሆነው አንዳንዴ «ሌሊት ሌሊት፣ አራት ዓመት እስኪሞላው» የምትለዋ ሐረግ በትርጉም መካከል ስለጠፋች ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ከመሸኘታችን በፊት «ቤት ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ እጠይቅና መልሱን ቃል በቃል እንዲነግሩኝ አስተርጓሚውን እለምናለሁ። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይረባም፤ ባላገር ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» አይልም።

መስማት ከተሳናቸው የተወለድኩ፦

ወላጆቼ መስማት የተሳናቸው ስለሆኑ በስምንት ዓመቴ የእናቴን ሕመም ለእናቴ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ያለውን ግማሹን አልነገርኳትም፤ ፈርቼ ነበር። እርስዎ ከርኅራኄ የተነሣ ያደረጉትን እኔ ከፍርሃት የተነሣ አድርጌዋለሁ፤ ለሰሚው ግን ያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ናት ተብሎ ትምህርት ቤት ያለች ልጅ ለአስተርጓሚነት እንዳትቀመጥ ማድረግ ነው።

ዛሬ በምልክት ቋንቋ ሳስተረጉም ሐኪሙ «አላውቅም» ካለ እኔም «አላውቅም» እላለሁ። «አንተስ ምን ትላለህ?» ስባል ጥያቄውን እንዳለ ለሐኪሙ እመልሰዋለሁ። ማዘኔን በፊቴ፣ ዝም ብዬ በመጠበቄ፣ ወጥተን አብሬ በመቀመጤ አሳያለሁ እንጂ ቃሉን አልነካም። ፊዚዮቴራፒስቱ ካሉት ጋር በአንድ ነገር እለያለሁ፦ ማስቆም ብቻ አይበቃም፤ ከመግባታችን በፊት ባለሙያው ምን ሊናገር እንደሆነ አምስት ደቂቃ ሊነግረን ይገባል፤ ከባድ ቃል ድንገት ሲመጣ ነው ሰው የሚያለሰልሰው።

መስማት ለተሳናቸው ወላጆች ለሚያስተረጉሙም ልጨምር። ከሐኪሙ ጎን ይቁሙ፤ ወላጁ ሁለታችሁንም በአንድ እይታ ይይ። መስኮት ከጀርባችሁ አይሁን፤ እጃችሁ ይጨልምበታል። ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠትም ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው መፍትሔ አይደለም።

ከዘጌ፦

በሕግ በኩል ጥቂት ልበል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ተቋማት ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች እንዲመቻቹ ይጠይቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ደግሞ ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የምታገለግሉባቸውን ቀናትና የቤተሰቦቹን ብዛት መዝግባችሁ ለተቋሙ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ከእንጅባራ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ቤተሰብ አስተርጓሚ የሚያገኘው በአጋጣሚ መሆን የለበትም።

የኮሶበር ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያዋን ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ለሐሙስ አዲስ ቀጠሮ ሰጠችንና ከመግባታችን በፊት አብረን እንድንነጋገር ተስማማን። እናቲቱን መጀመሪያ የምነግራት ያን ቀን የተባለውን ሳልነግራት እንደቀረሁ ነው። «ጡንቻ መሸማቀቅ» ለሚለው በአገውኛ ሽማግሌዎች የሚግባቡበትን ቃል ግን እስካሁን ስላላገኘሁ፣ ከዳንግላም ሆነ ከቻግኒ የምታውቁት ካላችሁ ከሐሙስ በፊት ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።